ስሟ የተለጠፈበት ጠርሙስ

የአባቴ እጅ ጨርቅ ሲለካ ስቶ አያውቅም። ጎንደር አዲስ ዓለም ባለችው ሱቃችን ከገዢ ጋር እየቀለደ፣ ዓይኑን ሌላ ቦታ ጥሎ አቡጀዲ ይቆርጣል፤ ቁርጡ ግን ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው። በዚያ ረመዳን አንድ ጠዋት መቀሱ መሐል ድረስ ሄደና ወደ ጎን አጋደለ። አባቴ ጠማማውን ቁርጥ አየት አድርጎ "ዓይኔ ፈዘዘብኝ" አለና ጣቃው ላይ ተቀመጠ። እኔም ጾሙ ነው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ግን አልተነሣም። ላብ አጠመቀው። እጁን ያዝኩት፤ ቀዝቅዟል። የልቡን ምት በጣቴ ፈለግሁ። አንዱ መታ። ሌላው ቆይቶ መጣ። ሱቁን እንደተከፈተ ትቼ ከአክስቴ ጋር በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው።

ዶክተሯ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠየቀችው። አባቴ በደከመ ድምፅ "ያመለጠኝን ሁሉ ዛሬ ወሰድኩት" አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ለደም ግፊቱና ለልቡ ቬራፓሚል የሚባል ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ይወስድ ነበር። ጾሙ ሲገባ የቀኑን ተወው፤ ማክሰኝት ለዘመድ ለቅሶ ሄዶ በሰነበተ ጊዜ ደግሞ ክኒኑን ጭራሽ ቤት ረስቶት ነበር። እኛ ዘንድ ያመለጠ ሶላት በኋላ ተሰግዶ ቀዷ ይወጣል፤ በሕመም ወይም በመንገድ ያለፈ ጾምም በሌላ ጊዜ ይጾማል። አባቴ ደግሞ ያለበትን ነገር ማሳደር የማይወድ ሰው ነው። ክኒኑንም እንደ ሶላቱ አስቦት፣ ሌሊት ሱሑር ሲበላ ያለፉትን በሙሉ በአንድ ጊዜ ዋጣቸው።

ዶክተሯ አልተቆጣችውም። ስንት እንደሆኑ ጠየቀችና ሲነግራት ወዲያው ነርሶቹን ጠራች።

ካልሲየም ሰጡት። አትሮፒን ሰጡት። ኢንሱሊን ከግሉኮስ ጋር አደረጉለት። አድሬናሊን ጀመሩ። ግፊቱ አልወጣም። ምቱ አልፈጠነም። ጠራሁት። ዓይኑን አልገለጠም።

ዶክተሯ እኔንና አክስቴን ኮሪደር ላይ አስወጣችን።

"ያለንን ሁሉ ሞክረናል" አለች። "አንድ ነገር ቀርቷል፤ ሊፒድ ኢመልሽን ይባላል። በደም ሥር የሚሰጥ ስብ ነው። የተሠራው መብላት ለማይችል በሽተኛ ምግብ እንዲሆን ነበር። አባትሽ የወሰደው መድኃኒት ወደ ስብ ስለሚሳብ፣ ስቡ ደም ውስጥ ሲገባ ከልቡ ላይ ሊያነሣልን ይችላል። ዋስትና ግን አልሰጥሽም።"

አክስቴ እንባዋን እየጠረገች "ታዲያ ቅቤ ብናጠጣውስ?" አለች።

"በአፍ የገባ ቅቤ አይደርስለትም፣ እማማ። ይሄ በመርፌ የሚሰጥ ነው።"

በሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት አልተገኘም። ዶክተሯ እየሮጠች ወጣች፤ ስትመለስ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ያለበት ጠርሙስ ይዛለች። ነርሷ ሰቀለችው። ጠርሙሱ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ፣ በላዩ "ጥሩወርቅ" የሚል ተጽፏል።

"ተሳስታችኋል" አልኩ፤ "ይሄ የሌላ ሰው ነው።"

"አልተሳሳትንም። የእሷ ነበር። ዛሬ ጠዋት ዐርፋለች። ባለቤቷ ፈቅደው ነው።"

ነጩ ነገር በቱቦው ወረደ። ነርሷ ግፊቱን ለካች። ደግማ ለካች። ከዚያ ዶክተሯን ቀና ብላ አየቻት። ቆይቶ የአባቴ ከንፈር መልኩ ተመለሰ፤ ዓይኑንም ሲገልጥ መጀመሪያ ያለው "ሱቁን ማን ዘጋው?" ነበር።

እየሳቅሁም እያለቀስኩም ወደ ግቢው ወጣሁ። አንድ ገበሬ ባዶ ፌስታል ጉልበታቸው ላይ አድርገው ግንቡ ሥር ተቀምጠዋል። አያ ደምሌ ይባላሉ፤ የመጡት ከመካነ ብርሃን ነው፤ ዶክተሯ ጠርሙሱን ስትለምናቸው ስለ አባቴና ስለ እኔ ነግራቸዋለች። ሚስታቸው ጥሩወርቅ አንጀቷን ታማ ኦፕራሲዮን ተደርጋ ነበር። መድኃኒቱን አዲስ አበባ ያለ ዘመዳቸው ገዝቶ፣ ስሟን ለጥፎ በአውቶቡስ ላከው። የደረሰው እሷ ካረፈች በኋላ ነው።

"ምነው ታለቅሻለሽ፣ ልጄ? አባትሽ አልተሻላቸውም?" አሉኝ።

"ተሽሎታል፣ አያ።"

"እንዲያማ ሸጋ ነው" አሉና አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ለመግነዝ የሚሆን አቡጀዲ የት እንደሚገኝ ጠየቁኝ።

ሱቅ ሮጥኩ። ጣቃው ጠዋት አባቴ እንደተወው ነበር። ጠማማውን ጫፍ ቆርጬ ጣልኩና አዲሱን ቀጥ አድርጌ ቆረጥኩላቸው። አባቴ በመትረፉ ደስ ብሎኛል፤ የደስታዬን ምክንያት ሳስብ ግን ልቤ ይሰበራል። ያን ጨርቅ ሲቀበሉኝ "ተባረኪ" ያሉበት ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

አባቴ ቀስ በቀስ አገገመ፤ መጀመሪያ አልጋው ላይ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ ቀጥሎ በእኔ ትከሻ ተደግፎ እስከ በረንዳው መሄድ፣ በኋላም ሱቁ በር ላይ ወንበር አስወጥቶ እኔ ስቆርጥ እያየ "ምነው እጅሽ ከበደ" እያለ መተረብ ጀመረ። ስለ ጠርሙሱና ስለ ስሙ ስነግረው ግን ተረቡ ጠፋ። የጥሩወርቅ ተዝካር ሲደርስ፣ ደክሞሃል ብንለው እምቢ ብሎ፣ በደባርቅ አድርገን መካነ ብርሃን ሄድን። ለእኛ ለብቻ ሽሮ ተሠርቶ ቆየን።

አባቴ አያ ደምሌን "ወንድሜ፣ ባለቤትህ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?" አላቸው።

"እንግዳ ሳታበላ የማትሰድ" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ። "ስትሞት 'ራበኝ' አለችኝ። በአፏ ምንም እንዳትሰጥ ተብያለሁ። 'ምግብሽ መንገድ ላይ ነው፣ ይደርሳል' እያልኩ አባበልኋት። ለአንቱ መድረሱ ሸጋ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ረሃቧ ነው።"

አባቴ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

ይህን የምጽፈው ቤታችሁ ውስጥ የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላላችሁ ነው። ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ሐኪማችሁን ስለ ሰዓቱ ጠይቁ፤ የሚስተካከል ከሆነ እሷ ወይም እሱ ያስተካክሉላችኋል። ያመለጠ ክኒን ቀዷ የለውም፤ ደርባችሁ አትዋጡ። ተሳስቶ የዋጠ ካለ ደህና ቢመስልም ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት፣ የክኒኑንም መያዣ ይዛችሁ ሂዱ። እኛን የረዳን ስብ ለሁሉም አይሠራም፣ በሁሉም ቦታ አይገኝም። ዶክተሯንና ነርሶቹን አላህ ይክፈላቸው።

አባቴ አሁን እንዳይጾም ተከልክሏል። መጾም ያልቻለ ሕመምተኛ በያንዳንዱ ቀን ፈንታ አንድ ችግረኛ ያበላል፤ ፊድያ ይባላል። እሱም ረመዳን ሲገባ በየማታው ድስት አስይዞን ሆስፒታሉ በር ላይ ከየገጠሩ የመጡትን አስታማሚዎች ያበላል፤ ማንንም ሃይማኖቱን አይጠይቅም። ክዳኑን ሲያነሣ ቢስሚላህ ይላል። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "ጥሩወርቅ፣ ምግቡ ደረሰ" ይላል።