ቀጭ ቀጭ የሚለው ኪቦርድ

ልጄ ቤዛ ሰሞኑን ሥራ አስፈትታኛለች። ኪቦርድ ልትገዛ ነው። ለትምህርት ቤት ጽሑፍም ለጌምም የሚሆን፣ «ሜካኒካል» የሚሉት ዓይነት፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ከሥሩ የራሱ ስፕሪንግ ያለው። ትናንት ከእራት በፊት ስልኳን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ የሦስት ኪቦርዶች ድምፅ አሰማችኝ። የመጀመሪያው ሹክሹክታ ነው። ሁለተኛው ደፈን ያለ ነው። ሦስተኛው ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ሲጀምር ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

«አባዬ፣ የቱ ይሻላል?»

«እስቲ ላስብበት።»

«ኪቦርድ እኮ ነው! ቤት የምትገዛ አስመሰልከው» ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፤ እኔ ለትንሹም ለትልቁም የምጨነቅ ሰው ነኝ። ጫማ ስገዛ እንኳ ሻጩ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላ ደንበኛ እስኪዞር ድረስ አገላብጣለሁ። የዚህኛው ጭንቀቴ ግን ምክንያት አለው፤ ለቤዛ ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ከፍርድ ቤቱ ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ፣ በጋሽ ሰይድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ጋሽ ሰይድ አባታቸው ጨርቅ ይነግዱበት የነበረውን ሱቅ ወደ ጽሕፈት ቤት የለወጡ፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚመጣ፣ ቶሎም የሚሄድ ሰው ነበሩ። ከእኛ ጋር ግድግዳ የሚጋራ የጌም ቤት ነበር። ግድግዳውን በስተን ኬብል አሳልፈን፣ በምሳ ሰዓት ደንበኛ ጭር ሲል፣ እኔ በሥራ ኮምፒዩተሬ ላይ ሆኜ ከወዲያ ካሉት ጓደኞቼ ጋር የተኩስ ጨዋታ እጫወታለሁ። ጋሽ ሰይድ ያውቃሉ። ሥራ እስካልበደልኩ ድረስ አይናገሩኝም ነበር።

ሥራና ጨዋታ ተባብረው ኪቦርድ ይገድላሉ። አንዱ ፊደሉ ይጠፋል፣ ሌላው አንዴ ሲመቱት ሁለቴ ይጽፋል። በዚያ ዓመት ሦስተኛው ሲሞት ጋሽ ሰይድ ወረቀትና ቀለም እንዳመጣ አዲስ አበባ ላኩኝና፣ «አንተ ነህ የምትመታው፣ አንተው ምረጥ» አሉኝ። «ጽሕፈቱንም ያንን ተኩስህንም የሚችል ይሁን። ኪቦርድ ስቀብር ልኖር አልችልም፣ ወላሂ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ይለው ነበር። እኔ ግን መንገዱን በሙሉ ተጨነቅኩ። አውቶቡሱ ደጀን ላይ ለቁርስ ሲቆም ሰው ሁሉ ወርዶ ይበላል፤ እኔ ትኩስ ዳቦ በሻይ እየነከርኩ ብሳሳትስ እላለሁ። የአባይ በረሃ ቁልቁለት እንኳ፣ ሌላ ጊዜ ፍሬን ቢበጠስስ እያልኩ ዓይኔን የምጨፍንበት፣ ያን ቀን ሳላየው አለፈ። እንደ እኔ ላለ ሰው አንዱ ጭንቀት ለሌላው ቦታ ይለቃል።

አዲስ አበባ፣ የኮምፒዩተር ዕቃ ሻጩ ለምን እንደምፈልገው ጠየቀኝ። «ለጽሕፈትም ለጌምም» ስለው፣ «ለሁለቱም የሚል ሰው ሁልጊዜ ያስቸግራል» ብሎ ሦስት ኪቦርድ ደረደረልኝ። የመጀመሪያው ለስላሳና ድምፅ አልባ ነበር፤ ጣት ገና ሲያርፍበት ይታዘዛል። ለጨዋታ ከእሱ የተሻለ የለም። ግን ጣቴ ሳላስበው አርፎ የአንድ ገበሬ መሬት ስፋት ላይ ዜሮ ብጨምርስ? ሦስተኛው ጠንከር ያለ ነው፤ ተጭነኸው ሲገባ ቀጭ ብሎ ይነግርሃል፣ ስለዚህ የምትጽፍ ከሆነ አትሳሳትም። ግን በጨዋታው ብዘገይስ? መሃለኛው ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ነበረው። እኔን የመሰለ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር የባሰ ያስጨንቀዋል። ያልመረጥኩት ሁሉ ይቆጨኛል።

ሻጩ ምሳውን በልቶ ተመልሶ እዚያው ቆሜ አገኘኝ። በመጨረሻ ጮክ የሚለውን አነሳሁ። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ጥንቃቄ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ድምፁ አኮራኝ። በፍጥነት ስመታው አንድ ትልቅ ሥራ የምሠራ መሰለኝ።

ጋሽ ሰይድ መጀመሪያ ሲሰሙት ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ሥር ቀና ብለው፣ «ምንድን ነው ይኸ? በረዶ ነው እንዴ ጣሪያው ላይ የሚወርደው?» አሉ። ለሦስት ቀን ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ከተው ዋሉ። ደንበኞቻችን ግን ወደዱት።

የእኛ አገር ሰው ማመልከቻ ሲያስጽፍ ከነገሩ መሃል አይጀምርም። መሬቱ ከማን ለማን እንደተላለፈ ከአያት ጀምሮ ይናገራል፤ ጸሐፊውም እየሰማ ይመታል። ባለጉዳዩ የኮምፒዩተሩን ጀርባ እንጂ የሚጻፈውን አያይም። ስለዚህ ድሮ በየመሃሉ «እየጻፍህልኝ ነው?» ይሉኝ ነበር። አዲሱ ኪቦርድ ከመጣ ወዲህ ግን ይህን የሚጠይቅ ጠፋ። ድምፁ ሲቆም እነሱም ቆም ይላሉ፤ ሲፈጥን ይፈጥናሉ። አንድ ከደብረ ወርቅ የመጡ ቄስ፣ «አሁን ገና ቃሌ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ሰማሁ» ብለው መርቀውኝ ሄዱ። ሰዉ ሌላውን ጽሕፈት ቤት እያለፈ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። እኔም ልቤ አበጠ።

ወሩ ሰኔ ነበር፤ ክረምቱ የገባበት፣ መንገዱ የጨቀየበት ጊዜ። ያን ቀን የደጀን ልጆች ከእኛ ጋር ሊገጥሙ በሚኒባስ መጥተው ነበር፤ አምስት ለአምስት። አንድ ሰው መሃል ላይ ከወጣ ቡድኑ አለቀለት ማለት ነው። በምሳ ሰዓት ጀመርን። ጨዋታው በተጋጋለበት ሰዓት እማማ አንጓች ገቡ።

ስማቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። በዝናብ የራሰ ጋቢ የለበሱ፣ እግራቸው እስከ ባታቸው ጭቃ የሆነ፣ ከሉማሜ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ አሮጊት ነበሩ። በላስቲክ የጠቀለሉትን የፍርድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ እንደምን ዋልህ? ይግባኝ ነው የማስጽፈው። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው አሉኝ። መዝገብ ቤቱ ሳይዘጋ ማድረስ አለብኝ።»

ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል «ይቀመጡ እማማ» አልኳቸው። ተቀመጡ። ኪቦርዱ ይንጫጫል። የጀመርኩላቸው መስሏቸው መናገር ጀመሩ።

«ትንሽ ይቆዩኝ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን «እሺ፣ ይቀጥሉ» አለ።

ለራሴ ሰበብ አላጣሁም። ገና ከአያታቸው ነው የሚጀምሩት፣ ዋናው ነገር ላይ እስኪደርሱ ጨዋታው ያልቃል፣ ደግሞም ነገሩ ሁሉ በፍርድ ወረቀቱ ላይ አለ አልኩ። የወንድማቸው ልጅ መሬታቸውን በክስ ወስዶባቸዋል። ይህን ያወቅኩት እንኳ ወረቀቱን በኋላ ሳነብ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ጆሮዬ የሚገባው ቁርጥራጭ ነበር። «ወንድሜ»... «ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበርሁ»... «በሩን ዘግቶ»... ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ለሰው ተነግሮ የማያውቅ ነገር እንደሚወራ አወራሩ ያስታውቃል። ተኩሱ በርትቶ ኪቦርዱ በጮኸ ቁጥር እሳቸውም አብዝተው ይናገራሉ። እኔ ተመትቼ ስሞትና ጣቶቼ ሲያርፉ ዝም ይላሉ፤ እንደገና ስጀምር ይቀጥላሉ። ይህን አይቻለሁ። አላየሁም ብል እዋሻለሁ። አይቼ ተጫወትኩ።

ከግድግዳው ወዲያ ጩኸት ተነሳ። አሸንፈናል። ዞር ስል እማማ አንጓች በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

«ጨረስሁ ልጄ። እስቲ አንብብልኝ፤ ዳኞቹ እንዴት አድርገው እንደሚሰሙት እኔም ልስማው።»

ጨዋታውን ዘጋሁት። ፊቴ ያለው ገጽ አንድ ፊደል የለበትም። የፍርድ ወረቀቱን ፈትቼ እየሰረቅኩ እያየሁ፣ የለመድኩትን አንቀጽ ከስክሪኑ እንደማነብ ሆኜ በቃሌ አነበነብኩ። «ይግባኝ ባይ የሥር ፍርድ ቤት በሰጠው ውሳኔ ቅር በመሰኘት...» አንገታቸውን ደፍተው በጥሞና ሰሙኝ።

«ደግ ነው። አሁን ያንን ያልሁህን አንብብልኝ።»

«የትኛውን?» አልኩ፤ አመለጠኝ።

ቀና ብለው አዩኝ። በዚያ ቅጽበት እውነቱን ብናገር ኖሮ ይህን ሁሉ ዓመት ይዤው አልዞርም ነበር። ግን ፈራሁ። «ማሽኑ አጥፍቶታል እማማ» አልኩ። «መብራቱ ብልጭ ሲል ጊዜ ጠፋ።»

መብራቱ ብልጭ አላለም። ጋሽ ሰይድ ከጀርባዬ ኮፒ እያደረጉ ነው፤ ማሽኑ ሲሠራ ይሰማል። አንዴ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በደንበኛ ፊት ሠራተኛ አይናገሩም ነበር።

«ውይ ልጄ!» አሉ እማማ አንጓች። «ያን ሁሉ የደከምህበት!» እኔን ማጽናናታቸው ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና ጀመሩ። አሁን ግን ነገሩ ደረቀ። የመሬቱን አዋሳኝ ተናገሩ፣ የዓመቱን ቁጥር ተናገሩ፣ ከአንድ ቦታ ሲደርሱ ዝም አሉ። ጣቶቼ ቁልፎቹ ላይ ሆነው ጠበቅኩ።

«ያኛውን ተወው» አሉ።

«እማማ፣ ለጉዳይዎ ሊጠቅም ይችላል እኮ። እባክዎ ይንገሩኝ፤ አሁን በደንብ እጽፈዋለሁ።»

«ተወው አልሁህ። ዳግመኛ አይወጣኝም።»

የወጣው ማመልከቻ ከአንድ ገጽ ያነሰ ነበር። አተምኩት፤ በጭቃው ውስጥ እየሮጥኩ እሳቸውን ከኋላ አስከትዬ መዝገብ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረስን። ማኅተሙ ሲመታ አየሁ። ስመለስ ጋሽ ሰይድ፣ «መብራቱ መቼ ነው ብልጭ ያለው?» ብቻ አሉኝ። ሳምንቱን ሙሉ ተቆጥተው ቢጮሁብኝ እመርጥ ነበር።

ያ ክረምት እንዴት እንደወጣልኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ቢፈረድባቸው በእኔ ነው። ቆርጠው ያስቀሩት ነገር ነው መሬቱን ያስጥልላቸው የነበረው እያልኩ እህል አልበላ አለኝ። በምሳ ሰዓት ጓደኞቼ ግድግዳውን ሲደበድቡ መልስ አልሰጥም። ፍርድ ቤቱ ከዕረፍት ሲመለስማ የባሰ ሆነ። ጋቢ የለበሰች አሮጊት በበሩ ባለፈች ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይላል።

እማማ አንጓች ታኅሣሥ ላይ መጡ። አንድ ክንድ ሙሉ የሽምብራ እሸት ታቅፈው፣ ከበሩ ጀምሮ እየሳቁ።

«ፈረዱልኝ! መሬቴን መለሱልኝ! እጅህ ይባረክ!» ብለው ትከሻዬን ሳሙኝ።

ዕፎይ አልኩ፤ ለአፍታ። ወንበር ሰጠኋቸው፤ እሸቱን እየፈለፈሉ እንድበላ ሰጡኝ፤ ጣፋጭ ነበር። ሁለተኛውን ፍሬ ሳላኝክ እንባዬ መጣ።

«እማማ፣ ያን ቀን ማሽኑ አልነበረም ያጠፋው። እኔ አልጻፍኩትም። ጨዋታ ላይ ነበርኩ። ሲናገሩ አልሰማሁዎትም።»

አልገባቸውም። ኪቦርዱን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ሲጽፍ ሰምቻለሁ እኮ» አሉኝ። ጨዋታውን ከፍቼ አሳየኋቸው። ተኳሹን ሰውዬ በቁልፎቹ አስሮጥኩት፤ ኪቦርዱ ያው እንደዚያ ቀን ቀጭ ቀጭ አለ። እማማ አንጓች ረጅም ጊዜ ሰውዬውን አዩት። ቁጣ ፊታቸው ላይ አልነበረም። ቁጣማ በቀለለኝ።

«ታዲያ ያን ሁሉ ለማን ነው የነገርሁት?» አሉ።

ኪቦርዱን ወደ ጎን ገፋሁት። እሳቸውም «የሉማሜ መኪና እንዳያመልጠኝ» ብለው ተነሱ። እሸቱን ትተውልኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

ዛሬ ጠዋት ይህን ለቤዛ ነገርኳት። ኪቦርዱን ስለ መምረጥ የጀመርነው ወሬ ነው እዚህ ያደረሰን። ድምፁ ጥፋት የለበትም፣ የወደድሽውን ግዢ አልኳት። እሷ ግን ኪቦርዱን ረስታዋለች።

«ምን ነበር ግን የተናገሩት?» አለችኝ።

እኔ አሁንም ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ጋሽ ሰይድ ሲያርፉ ቤቱን ከልጆቻቸው ተከራይቼዋለሁ። ባለጉዳይ ሲነግረኝ ሁለት እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እስከ መጨረሻው እሰማለሁ። ሰዉ መጀመሪያ ይጨንቀዋል፤ «አትጽፍም እንዴ?» ይለኛል። መጀመሪያ ልስማ እላለሁ። እንዲህ የሚሰማ ጸሐፊ የለም ብለው ሲያመሰግኑኝ ፊቴን አዞራለሁ። አንዲት አሮጊት ዕድሜዋን ሙሉ የያዘችውን ነገር አንድ ቀን አውጥታ ተናገረች። አጠገቧ ከእኔ በቀር የሚሰማ ሰው አልነበረም። ምን እንዳለች አላውቅም።