ከመጽሐፉ ራስጌ

ልጄ ማህሌት ከትምህርት ቤት አዲስ የንባብ መጽሐፍ ይዛ የመጣች ቀን፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ አፍንጫዬ ሥር አስጠጋችውና «እማዬ፣ እስቲ አሽቺው» አለችኝ። የሙጫው ሽታ ገና አልለቀቀውም፤ ገጹ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ለራሷ ብቻ የተሰጣት መጽሐፍ ነው። በእኔ ጊዜ እንዲህ የሚሸት መጽሐፍ የደረሰን አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ለአምስት ነው።

ያደግኩት ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ትምህርት ቤታችን ሁለት ክፍል ብቻ ያላት የጭቃ ቤት ነበረች፤ ውስጧ ያለው ብርድ ጣት ስለሚያደነዝዝ፣ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪያችን ጋሼ ጥሩነህ ጠዋት ጠዋት ወደ ደጅ ያወጡንና መጽሐፉን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ዘርግተው አምስት አምስት እያደረጉ ዙሪያውን ያስቀምጡን ነበር። ከግርጌው የተቀመጠ ፊደሉን ቀጥ ብሎ ያየዋል፣ ከጎን ያለው አንገቱን ያጣምማል፣ ከራስጌ የተቀመጠ ግን ፊደሉ ሁሉ ተዘቅዝቆ ነው የሚታየው። ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ በየመሀሉ «ዙሩ!» ይሉናል፤ እኛም እየተጋፋን፣ እየተሳሳቅን እንዞራለን። እሳቸው ወደ ሌላው ድንጋይ ሲያልፉ እኔ ቀስ ብዬ ተመልሼ ራስጌ ቁጭ። ለምን ቢሉ፣ የጠዋት ፀሐይ የምታርፈው በዚያ በኩል ነበረቻ! ጀርባዬን እያሞቅኩ፣ ሌሎቹ ሲያነቡ የሰማሁትን በጆሮዬ እየለቀምኩ፣ መጽሐፉን ከነዜማው በቃሌ ያዝኩት። ጎበዝ አንባቢ ተባልኩ። እኔም አመንኩ።

አንድ ቀን የንባብ ትምህርታችንን ሊያዩ አንድ ተቆጣጣሪ መጡ፤ ኮት የለበሱ፣ በቅሏቸውን አጥሩ ላይ ያሰሩ ሰው። «ማነው ጎበዙ?» ሲሉ ልጆቹ ሁሉ ወደ እኔ ጠቆሙ። መጽሐፉን ተቀበልኩና፣ ዓይኔ እንደለመደው ዘቅዝቄ ይዤ፣ ስለ ንብ የሚለውን ትምህርት ሳልደናቀፍ አነበነብኩት። ከኋላ ሳቁ ፈነዳ። ሰውዬው መጽሐፉን ከእጄ ላይ አቃንተው ሌላ ገጽ ገለጡልኝ። አንዲት ቃል ማንበብ አልቻልኩም።

«የት በኩል ነው የምትቀመጪው?»

«ራስጌ።»

«ማነው እዚያ ያስቀመጠሽ?»

የአባቴ አለንጋ ታየኝ። «ጋሼ ናቸው» አልኩ። ይህም አልበቃኝ ብሎ፣ «አዙረውንም አያውቁ» ብዬ ጨመርኩበት።

ሰውዬው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ጋሼ አንድ ጊዜ ብቻ አየት አደረጉኝና «ይተዋት፣ ልጅ ናት» አሉ። ልጆቹም እውነቱን እያወቁ ጭጭ። ከፋሲካ በኋላ ጋሼ ጥሩነህ አልተመለሱም፤ ወደ ቆላ፣ ወደ ዓባይ ዳር ተዛወሩ ተባለ። ያኔ ዝም ያሉት ልጆች ውኃ ስቀዳ «አስተማሪ አባራሪዋ መጣች!» ይሉኝ ጀመር። አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ትምህርቱን ተውኩት። ከብዙ ዓመት በኋላ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ አየኋቸው፤ ሸብተዋል፣ ጥላቸውን ተመርኩዘው መኪና ይጠብቃሉ። ነጠላዬን ዓይኔ ድረስ ሳብኩና በአጠገባቸው አለፍኩ። ሞታቸውን የሰማሁት በዓመቱ ነው።

አሁን ታዲያ የልጆች ንባብ ደክሟል ተብሎ አዲስ ሥርዓት ወጥቷል። ልጅ በየቀኑ አንድ ገጽ ለቤተሰቡ ያነባል፣ ቤተሰብ ወረቀት ላይ ይፈርማል። እኔ ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ እንደምንም ፊደሉን አቃንቼአለሁ፤ ግን በጣቴ እየተከተልኩ፣ እያረፍኩ ነው የማነበው። ማህሌት እንደ ውኃ ታወርደዋለች። የምትለው ከተጻፈው ጋር ይግጠም አይግጠም ዓይኔ አይደርስባትም። ቀስ በይ እንዳልላት ልጄን አፈርኩ። ፈረምኩ። በየቀኑ ፈረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ልጆቹን አንድ በአንድ፣ አይተውት በማያውቁት ገጽ ፈተኗቸው። ማህሌት ሁለተኛው ቃል ላይ ቆመች። ወላጅ ተጠራ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡት ሰው ፊርማዬን ከፍ አድርገው አሳዩና፣ «ወላጅ በየቀኑ አስነብቧል፤ ታዲያ ክፍል ውስጥ ምን ሲሠራ ነበር?» ብለው ወደ መምህርቷ ዞሩ። ገና ወጣት ናት፤ አንገቷን ደፋች። አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ዘውዴ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ዝም በይ አንቺ፣ እነሱው ይጨራረሱ» አለችኝ። ዝም ብል እኮ ያልፍልኝ ነበር። አንዴ በጋሼ ላይ አሳብቤ አልፎልኛል።

ተነሣሁ። «ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ልጄ ስታነብ እኔ አልደርስባትም፤ የፈረምኩት ሳላውቅ ነው» አልኩ። አንድ ሰው ሳቀ። ሰውዬው ወረቀቱን አስቀመጡት። መምህርቷ ቀና ብላ «እናት፣ ቀደም ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበር?» ብቻ አለችኝ። ማህሌት ከሰዓት በኋላ ከደከሙት ልጆች ጋር ተጨማሪ ትምህርት እንድትማር ተወሰነ። በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች።

ቤት ደረስን። ደጃፉ ላይ ስንቀመጥ የምፈርምበትን ወረቀት ዘረጋችልኝ። ከመጽሐፉ ያላየችውን ገጽ ገለጥኩና፣ «ቀስ ብለሽ፤ እናትሽ ጣቷን ታስከትልሽ» አልኳት። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ አራት መስመር ነው የደረስነው። በማህሌት ዕድሜ ሳለሁ ጋሼ ጥሩነህ ለማሟሻ ያህል ይሰጡን የነበረውን አራት መስመር! ወረቀቱ ላይ «አንድ ገጽ» የሚለውን ሰረዝኩና «አራት መስመር» ብዬ በእጄ ጽፌ ፈረምኩ። ማህሌት አየችው፤ አልሳቀችም። እኔ ግን ያለፉትን ፊርማዎቼን አስቤ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።