የዳሲቱ ሽቦና የአባቷ ሎሚ

ዳሲቱ ስትስቅ እጇ ከሳቋ ቀድሞ አፏ ላይ ይደርሳል። ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። የላይኞቹ ጥርሶቿ ወጣ ወጣ ያሉ ስለነበሩ የአቃቂ ልጆች «ገጣጣዋ» አሏት፤ ስም በማውጣት ደግሞ ያ ሰፈር ስስት አያውቅም። እናቷ የሞተች ዕለት እንኳ ድንኳን ውስጥ አንዲት ለቀስተኛ «ሟች የማን እናት ናቸው?» ብትል፣ ሌላዋ ንፍሮዋን እየቆረጠመች «የገጣጣዋ» አለቻት። ዳሲቱ ሰማች። ጥርሷን ሽቦ ያሳሰራት ይቺ ቃል ናት።

ሥራዋ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ነው። ጠያቂ ስልክ ይዞ ስለማይገባ እሷ ኪዮስክ አስቀምጦ፣ ቁጥር የተጻፈባት ካርቶን ተቀብሎ ይሄዳል። ስልኮቹ መሳቢያ ውስጥ ሲንጫጩ ይውላሉ። ከዚያች ሥራ ባጠራቀመችው ነው ክሊኒክ የሄደችው። ሐኪሙ «ሁለት ዓመት ቻይው፣ ከዚያ እንደልብሽ ትስቂያለሽ» አላት።

አጠገቧ ብስኩትና ሳሙና የሚሸጠው ሀይረዲን፣ ከስልጤ ከመጣ ጀምሮ አንድ ቀን ዝም ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። በማግስቱ አፏን ሲያይ ዘሎ ቆመ።

«ዳሲ! አፍሽን አጠርሽው እንዴ?»

«አንተን ፈርቼ። ምላስህ አጥር አያውቅማ።»

«ወላሂ አምሮብሻል። ግን ከእስር ቤቱ አጥር ሽቦ እንዳይጎድል ይቆጠር!»

ሳቀች። እጇ ተነሣና መንገድ ላይ ቀረ። እንዲህ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ዓመት ሳይሞላ ክሊኒኩ ያለበት ፎቅ ለመንገድ ተብሎ ፈረሰ። ለቀጠሮዋ ስትሄድ የጠበቃት ግማሽ ግድግዳና «ያለ ሕመም እንነቅላለን» የሚል ማስታወቂያ ነው። የሐኪሙ ስልክ አይነሣም። ሌሎች ክሊኒኮችን ዞረች፤ ሁሉም «ሌላ ሰው የጀመረውን አንነካም» አሏት።

«እንግዲያው ፍቱልኝ።»

«ያሰረው ይፍታ።»

ይህን ቃል እስር ቤቱ በር ላይ ስትሰማው ነው የምትውለው። በራሷ አፍ ይመጣል ብላ ግን አልጠበቀችም።

ሽቦው በዚያው ቀረ። ሁለት ዓመት የተባለው አለፈ፣ ሌላም ተጨመረበት። ብረቶቹ ጠቆሩ፤ ዳር ዳራቸው ላይ በርበሬ የተነሰነሰባቸው ይመስል ቀይ ነገር ወጣ። ጠዋት ስትነሣ አፏ ሳንቲም ሲልስ እንዳደረ ሰው ይጎመዝዛታል። ከኋላ በኩል ሽቦው ሳስቶ ሳስቶ ተበጠሰና ጉንጯን ይወጋት ጀመር፤ ጫፉን በሻማ እየደፈነች ትበላለች።

አባቷ ጋሽ ተስፋሚካኤል የብረታ ብረት ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ዝገት የግል ጠላታቸው ነው፤ የጎረቤት በር እንኳ ሲዝግ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። በልጃቸው አፍ መግባቱን ሲያዩ እንደ ድፍረት ቆጠሩት።

«በኛ ጊዜ እንዲህ ያለውን አሲድ ገንዳ ውስጥ ነክረን እንደ አዲስ ነበር የምናወጣው።»

«አባባ፣ አሲድ ሊያጠጡኝ ነው?»

«ሞኝ መሰልኩሽ? ሎሚ አለ አይደል!»

ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በር ላይ በርጩማ ያስቀምጡላታል። ሎሚ ጨምቀው፣ ጨው በትነው፣ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ እያንዳንዷን ብረት ይፈትጋሉ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከሰው ጋር የሚያወሩት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። ስለ ፋብሪካው፣ ስለ እናቷ ቀሚስ፣ ስለ ሞቱ ጓደኞቻቸው ያወሩላታል፤ እሷ አፏን ከፍታ ስለምትቀመጥ አታቋርጣቸውም። ብረቱ ያን ዕለት ያበራል። ሐሙስ ሳይደርስ ከበፊቱ ብሶ ይቀላል። ጋሽ ተስፋሚካኤል ጥፋቱን ሎሚው ማነስ ላይ ጣሉና ሎሚ ጨመሩ።

ቀዝቃዛ ውሃ ሲያማት አልነገረቻቸውም። ኋላ ነፋስም ያማት ጀመር። ያንንም አልነገረቻቸውም።

በመጨረሻ ኮዬ ፈጬ አንዲት ወጣት ሐኪም «ማስተካከል አልችልም፣ ማንሣት ግን አነሣልሻለሁ» አለቻት። አባትና ልጅ አብረው ሄዱ፤ እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ሐኪሟ ብረቶቹን በጉጠት አንድ በአንድ እያላቀቀች ሳህን ላይ ስትጥል ቆየች። ከዚያ መስታወት ሰጠቻት።

ጥርሶቹ እንደወጡ ናቸው። ብረት የነበረበት ቦታ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ ትንሽ ያልተነካ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። ዙሪያው ግን ተበልቶ ኖራ መስሏል፣ ቦታ ቦታውም ቡናማ ነው።

«በምን ነበር የምታጸጂው?»

በሩ ገርበብ ብሏል። የአባቷ የጫማ ጫፍ ይታያታል።

«ኮካ እወዳለሁ» አለች።

«ይሄ ኮካ ብቻ አይመስለኝም። የጥርሱ ልባስ ሟሙቷል እኮ፤ የሄደው አይመለስም። የፊቶቹ ሁለቱ የሚቆዩም አይመስለኝም።»

«ኮካ ነው።»

ስትወጣ ጋሽ ተስፋሚካኤል ባርኔጣቸውን ይዘው ተነሡ።

«ለቀቀ?»

«ለቀቀ፣ አባባ። አንድም አልቀረ።»

«አላልኩሽም! እስቲ ሳቂልኝ።»

ሳቀችላቸው፤ በነጠላዋ ውስጥ።

ሚኒባስ ውስጥ እሳቸውን ዝም የሚያሰኝ ጠፋ። ከኋላ ለተቀመጠች ሴትዮ ስለ ሎሚው አንድ በአንድ አስረዱ። ሴትዮዋ የእውነት ጓጓች።

«የኔም ልጅ አስራለች፣ አባቴ። ጨዉ ስንት ማንኪያ ነው?»

ዳሲቱ ወደ ኋላ ዞረች። ለአባቷ በማይታያቸው በኩል ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም አሳየቻት። በዕድሜዋ ሙሉ ለማያውቃት ሰው አፏን ስትገልጥ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ።

«አንድ ሙሉ ማንኪያ!» አሉ ጋሽ ተስፋሚካኤል በኩራት። «ምነው ዝም አሉ፣ እትዬ?»

«ገባኝ፣ አባቴ» አለች ሴትዮዋ። «ገብቶኛል።»

ዳሲቱ ነጠላዋን ወደ ቦታው መለሰች። እሁድ ጠዋት በርጩማው ላይ ምን ብላ እንደምትቀመጥ እያሰበች እስከ አቃቂ ድረስ በመስኮቱ ስታይ ሄደች።