መምህሩን ላጋልጥበት የቀረጽኩት ቪዲዮ

ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ የሆነ ነው። እስከዛሬ ለማንም ዘርዝሬ አልተናገርኩትም። አሁን የምጽፈው፣ በዚያን ቀን በልቤ የፈረድኩባቸው ሁለት ሰዎች ዛሬም አሰላ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ስለሚሉኝ ነው።

አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ቀን መዝገብ ቤት እየሠራሁ በማታ ኮሌጅ ተምሬ፣ ለመመረቅ የቀረኝ አንድ የጥናት ጽሑፍ ብቻ ነበር። ጨርሼ ለአማካሪዬ ለመምህር ተሾመ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ሁለቱ ራይት ታየ፤ ከፍተው አይተውታል ማለት ነው። መልስ ግን የለም። አንድ ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም።

በሦስተኛው ሳምንት የተመራቂዎች ስም ዝርዝር ተለጠፈ። ስሜ የለም። ቢሯቸው ሄድኩ።

«ምንም አልደረሰኝም» አሉኝ ቀና ብለው ሳያዩኝ።

«አይተውታል እኮ መምህር።»

«አላየሁም ስልሽ አይተዋል ትይኛለሽ?»

ስልኬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ላሳያቸው ስል አንድ ነገር ታሰበኝ። ቴሌግራም ላይ የተላከ ነገር ተቀባዩ ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። ማስረጃ እንዳለኝ ካወቁስ? ስልኬን መልሼ ከተትኩና በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄድኩ።

«እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ማስረጃ ካመጣሽ ስምሽ ይገባል» አሉኝ። «የስክሪን ፎቶ ግን እንዳታመጪ፤ እሱን ማንም ይቀጣጥለዋል። ቪዲዮ አድርጊና በፍላሽ አምጪ።»

መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ሰነድን ከነመነሻው ማሳየት ያውቃል። ስክሪን መቅረጫውን ከፈትኩ። ቴሌግራም ገባሁ፤ የተላከበትን ቀን፣ ፋይሉን፣ ሁለቱን ራይት እያሳየሁ ሄድኩ። መጨረሻ ላይ የመምህሩን ስም ነክቼ ስልክ ቁጥራቸው እንዲታይ አደረግኩ። ማምለጫ እንዳይኖራቸው ብዬ ነው።

ቪዲዮውን ወደ ፍላሽ ለማስገልበጥ ገበያው አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ባለቤቱን ነስሩን ከዚያ በፊት አላውቀውም። ኬብሉን ሲሰካው ስልኬ ቻርጅ ማድረግ ብቻ ጀመረ።

«ክፈቺውና ፋይል ማስተላለፍ የሚለውን ንኪልኝ» አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ከፈትኩ።

«አሁን ኮምፒውተሩ ምን ምኑን ያያል?»

«ያለውን ሁሉ።»

«ፎቶዬንም?»

«እህቴ፣ እኔ ያገባሁ ሰው ነኝ፤ ፎቶሽን ምን ላድርገው?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ቪዲዮው መገልበጥ እንደጀመረ የነስሩ ስልክ ጠራ፤ አነሳው።

«አቤት መምህር። አዎ፣ ይዤዋለሁ። እሺ፣ ዛሬ ያልቃል።»

«ማን ናቸው?» አልኩት።

«የኮሌጅ መምህር ናቸው፤ ፈተና ያስጽፉኛል።»

የትኛው መምህር እንደሆኑ ልጠይቀው ስል አዛን ተሰማ። ነስሩ ብድግ አለ። «ሶላት ደርሷል። እስኪገለበጥ ሱቁን ያዢልኝ፤ ሰው ከመጣ አሁን ይመጣል በይ» ብሎኝ ወጣ። የገንዘብ መሳቢያውን እንኳ አልቆለፈም።

የደወሉት አማካሪዬ ናቸው፤ ሊነግራቸው ሄደ አልኩ በልቤ። ኬብሉን ነቅዬ ልወጣ ተነሳሁ። ግን የሰው ሱቅ ክፍት ትቼ እንዴት እሄዳለሁ? ተመልሼ ተቀመጥኩ።

አንዲት ሴት ነጠላዋን ከዝናብ እያራገፈች ገባች። «ነስሩን ኤሳ?» ብላ በኦሮምኛ የት እንዳለ ጠየቀችኝ።

«ሶላት ሄዷል፤ አሁን ይመጣል።»

«አይ ነስሩ! ደግሞ ዛሬ አንቺን አስያዘሽ?» ብላ እየሳቀች አጠገቤ ተቀመጠች። ሁልጊዜ ያገኘውን ሰው ሱቅ አስይዞ እንደሚሄድ የነገረችኝ እሷ ናት። ያም ሆኖ በሩን ማየት አልተውኩም።

ነስሩ ብቻውን ተመለሰ። ቪዲዮው ተገልብጦ አልቋል። ይሥራ አይሥራ ሳላይ አልሄድም ስላልኩት ከፈተልኝ። ስልክ ቁጥሩ ጋ ስንደርስ አስቆምኩት። መምህሩ በሴሚስተሩ መጀመሪያ ቁጥራቸውን የጻፉልንን ወረቀት አውጥቼ አሃዝ በአሃዝ አመሳከርኩ።

የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሌላ ናቸው።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የሌላ ሰው ቁጥር ነው» አለ ነስሩ።

ስልኬ ላይ ሁለት መምህር ተሾመ አሉ። ሁለተኛው ጢቾ ሳለሁ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ያስቆጠሩኝ ሽማግሌ ናቸው። ጽሑፌን የላክሁት ለእሳቸው ኖሯል። ሁለቱም ፎቶ አላደረጉም። ስልክ ላይ የአባት ስም የሚጽፍ ማን አለ? ቀኑን ሙሉ ሰውን በአያት ስም ጭምር እየለየሁ ፋይል የማደርግ እኔ እንኳ አልጻፍኩም።

ፍላሹን ይዤ ወደ አማካሪዬ ሮጥኩ፤ እውነቱን ነገርኳቸው። ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዩት።

«ይህን ሁሉ የለፋሽው እኔን ልታስይዢኝ ነው?»

«አዎ መምህር።»

ቪዲዮውን መልሰው የተላከበት ቀን ላይ አቆሙት። «ቀኑን ግን ጠብቀሽ ጨርሰሻል» አሉ በመጨረሻ። ጽሑፉን እዚያው ተቀበሉኝ፤ በማግስቱም ስሜ ዝርዝሩ ግርጌ በእጅ ተጻፈ።

በዚያው ቀን ማታ ጢቾ ደወልኩ።

«አንብቤዋለሁ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው። «ዓይኔ ደክሟል፤ ቀስ እያልኩ ነው። ስህተቱን ለቅሜ ሳልጨርስ መልስ አልሰጥም ብዬ ነው። ሃያ ሰባት አግኝቻለሁ። ወረቀት አለሽ?»

ጻፍኩ። ሃያ ሰባቱም ልክ ነበሩ።

አማካሪዬ ጽሑፌን «በጣም ጥሩ» ብለው ሲመልሱልኝ ከሃያ ሰባቱ አንዱም አልተነካም። ታዲያ እውነት አንብበውት ይሆን? እላለሁ አንዳንድ ቀን። ያን ቀን ያደረግኩትን ሳስብ ደግሞ አፍራለሁ።