ቢጫው አሸዋ

አንዳርጋቸው ተጸያፊ ነው። ሰው ቤት ውኃ አይጠጣም፤ ዝንብ ያረፈበት ብርጭቆ ካየ ቀኑን ሙሉ ሲያቅለሸልሸው ይውላል። ባሕር ዳር ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሃያ ዓመት ዕቃ ሲያጥብ መኖሩ ደግሞ አባሰበት፤ ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም።

ዘንድሮ ከጣና ማዶ ቁንዝላ፣ እህቱ ወለተ ጊዮርጊስ የምትቀዳበት ጉድጓድ ውስጥ የክር ማቅለሚያ ቤት እጣቢ ገባና ውኃው ቀላ። የኮሌጁ መምህር ይትባረክ መላ አመጣ፤ አሸዋን ቢጫ ዝገት አልብሶ በርሜል መሙላት። ቀለሙ ዝገቱ ላይ ይለጠፋል፣ ውኃው ጠርቶ ይወርዳል። አንዳርጋቸው አሸዋውን መስታወት ቱቦ ውስጥ ሞልቶ ሞክሮ አየው፤ እውነትም ጠራ። የመጀመሪያውን በርሜል ለእህቱ ለምኖ በጀልባ የላከው ራሱ ነው።

ቱቦው ግን ያስጠላው ነበር። የተለጠፈው ቀለም አርፎ አልተቀመጠም። ከአንዱ የአሸዋ ፍሬ እየተላቀቀ ሌላው ላይ እየተጣበቀ፣ ቀዩ መስመር በቀን አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ይሳባል፤ ግድግዳ ላይ እንደሚሄድ ትኋን። ዛሬ ጧት ግን በቃው። አሸዋውን ሳህን ላይ ገልብጦ፣ እናቱ እንስራ ታጥብ እንደነበረው፣ በአመድ ውኃ አሸው። የሳምንታት ቀለም ባንዴ ለቀቀ። ሳህኑ የበግ ደም የተቀዳበት መሰለ፤ አንዳርጋቸው ወደ ውጭ ሮጦ አስመለሰ።

ይትባረክ መጥቶ ሳህኑን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ዝገቱ ቀለሙን የሚይዘው አመድና ሳሙና እስካልነካው ድረስ ነው» አለ። «ግን ጋሼ፣ አሸዋ በአመድ የሚያጥብ ከእርስዎ በቀር ማን አለ?»

አንዳርጋቸው ከእናቱ ሙያ የተማረችው እህቱ ትዝ አለችው። አፉን በእጅጌው ጠርጎ ቁንዝላ ደወለ።

«እታለም፣ በርሜሉን ምን አደረግሽው?»

«ለበዓሉ ትመጣ የለ ወንድምዓለም? ጠባይህን አውቀው የለ? አሸዋውን ሳይቀር አውጥቼ በአመድ አሸሁት። ከዚያ ወዲህ ውኃዋ ቀላ ብላለች፤ ዝገቱ ነው ብለን ጠጣናት፣ ልጆቹም ጠጡ። ላንተም በእንስራ አስቀምጫለሁ።»

አንዳርጋቸው ጥፍሩ ሥር የገባውን ቀይ ቀለም እያየ ራሱን ተጸየፈ።

«ድፊያት» አለ።

ወለተ ጊዮርጊስ ቅር ባላት ድምፅ፣ «እኔንም ተጸየፍኸኝ?» አለችው።