ከፍራሹ ስር የነደደው ሽቦ

እኔና ባለቤቴ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አስተማሪዎች ነን። ልጆቻችን አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ አንድ አሮጌ ጂፕ ገዛን። የኋላ ወንበሮቹን አውጥተን ፍራሽ ዘረጋንበትና ትምህርት ሲዘጋ ወደ ገጠር እየወጣን ማደር ጀመርን። ጎረቤቶቻችን «ቤት እያላቸው ሜዳ የሚያድሩ» እያሉ ይስቁብናል።

ያስቸገረን የኤሌክትሪኩ ነገር ነበር። ለመብራቱስ የእጅ ባትሪ ይበቃን ነበር፤ ባለቤቴ ግን ስኳር ስላለባት መድኃኒቷ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል። ትንሽ የመኪና ፍሪጅ ገዝተን ከሞተሩ ባትሪ ጋር አገናኘነው። በመጀመሪያው ጉዟችን ፍሪጁ ባትሪውን ጠጥቶ ጨረሰውና ጠዋት ቁልፉን ባዞረው መኪናው ጭጭ አለ። ከደምበጫ ወዲያ ያሉ ገበሬዎች ሥራቸውን ጥለው፣ ገፍተው አስነሱልን።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ከተማ ወዳለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሄድን። ለፍሪጁና ለመብራቱ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ በሣጥን አድርጎ ከፍራሹ ስር አስቀመጠልን። ሞተሩ ሲሠራ እንዲሞላም ከፊተኛው ባትሪ ወፍራም ሽቦ ሳበለት፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ ሶላር አሰረ። ዓመት ያህል ስንጓዝበት አንድም ቀን አላስቸገረንም።

ነገሩ የሆነው ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። የአዊ ተወላጅ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግቢያቸው ዳር እንድናቆም ፈቀዱልን። ከሚስታቸው ጋር በአገውኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ከምሳ በኋላ ባለቤቴ ደከመኝ ብላ መኪናው ውስጥ ጋደም አለች። እኔና ሽማግሌው ዛፍ ጥላ ስር ተቀመጥን።

«መምህር፣ ይኸ መብራትዎ ደመና ሲሆን አይጠፋም?» አሉኝ ወደ ጣሪያው እያዩ።

«አይጠፋም አባቴ። ፀሐይ ባትኖር ሞተሩ ይሞላዋል። ከከተማው መብራት ይልቅ ይኼን አምነዋለሁ።»

ተናግሬ ሳልጨርስ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ዞር ስል በኋለኛው በር ስንጥቅ ጥቁር ጭስ ይወጣል። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። በሩን ስከፍተው ጭሱ ፊቴን መታኝ። ባለቤቴ አልነቃችም ነበር። በብብቷ ይዤ ወደ ውጭ ጎተትኳት።

«ምን ሆነሃል?» አለች እያሳላት። ጭሱን ገና አላየችውም።

ሽማግሌው ፍራሹን ስበው አወጡና በእግራቸው እየረገጡ አፈር በተኑበት። እኔ የብሎን መፍቻ አንስቼ የባትሪውን ማሰሪያ መፍታት ጀመርኩ። በመጨረሻ ሽቦው ሲላቀቅ ጭሱ እየቀነሰ ሄደ። ጣቶቼ ተቃጥለው መላጣቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ባለቤቴ ወደ ፍራሹ ሄዳ ቁጢጥ አለች። ከራስጌው በኩል ጠቁሮ የተበሳ ቦታ ነበር።

«ጭንቅላቴ እዚህ ነበር» አለች። የጠቆረውን በጣቷ ነክታ እንደገና «እዚህ ነበር እኮ» አለች።

ሽማግሌው ክንዴን ይዘው «ይቀመጡ መምህር፤ ፊትዎ የሰው ፊት አይመስልም» አሉኝና ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። ሚስታቸው መድኃኒቱን ከፍሪጁ አውጥተው ጓዳ፣ ቀዝቀዝ ያለው የውሃ እንስራ አጠገብ አኖሩት። እነሱው ቤት አደርን። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ መኪናውን ቡሬ ያለ ሌላ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አየው። ሽቦው ወለሉን ዘልቆ በሚያልፍበት ቀዳዳ፣ የብረቱ ጠርዝ የላስቲክ ልባሱን በልቶት ነበር።

«ሽቦው ከሁለት ባትሪ ነው ጉልበት የሚያገኘው» አለኝ። «ከፊተኛው አጠገብ ፊውዝ አለ፤ ሥራውን ሠርቶ ተቃጥሏል፤ የዚያን ወገን ጉልበት ቆርጦታል። ከኋለኛው አጠገብ ግን ምንም የለም። የሚያቆመው አልነበረም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ ሲፋቅ የኖረው?»

«ከታሰረበት ቀን ጀምሮ ነዋ።»

ከእሳቱ የባሰ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ዓባይን ለማየት ጢስ ዓባይ ሄደን ያደርንበት፣ አዴት መንገድ ላይ ዝናብ ሲመታን በሩን ዘግተን የሳቅንበት፣ ያ ሁሉ ጊዜ ብረቱ ሽቦውን ይበላ ነበር። ደስ ያለንን ቀን ሁሉ እንደገና በፍርሃት ኖርኩት።

ሠራተኛው ሁሉንም ነቅሎ እንደ አዲስ ሠራው። ሁለቱም ባትሪዎች አጠገብ ፊውዝ አደረገ፤ ቀዳዳዎቹን በጎማ ሸፈነ፤ ሽቦውን በጎማ ቱቦ ውስጥ አሳለፈ። በአንድ እጅ የሚዘጋ የኤሌክትሪክ ማቋረጫም በሩ አጠገብ ገጠመልን።

እኔ ግን መኪናውን መሸጥ ነበር የፈለግሁት። ቤት ስንገባ ነገርኳት።

«በሽታዬ ከብዙ ነገር አስቀርቶኛል» አለችኝ ዝግ ብላ። «አንተ ደግሞ አትጨምርበት።»

አልሸጥነውም። አሁንም እንወጣለን። እሷ እንደ ድሮዋ ጋደም ስትል ወዲያው እንቅልፍ ይወስዳታል። እኔ እጄን ወደ ባትሪው ሣጥን ሰድጄ ክዳኑ መሞቅ አለመሞቁን እዳስሳለሁ፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳገኘውም እጄን ቶሎ አላነሳም።