ከሣሩ ውስጥ ያነሣሁት ፒን

ነገሩ የደረሰው አምና በግንቦት ወር ነው። ቦንጋ ውስጥ ትንሽ የብየዳ ቤት አለኝ። በዚህ ሥራ እጄ ብዙ ጊዜ ተቃጥሏል፤ አንዴም ዓይኔ ውስጥ የብረት ብናኝ ገብቶ ጅማ ድረስ ሄጄ ታክሜያለሁ። ያንን ሁሉ ረስቼዋለሁ። ይሄኛው ግን ከሐሳቤ አልወጣም፤ የተጎዳው ሌላ ሰው፣ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ስለነበርኩ ነው።

እትዬ ብርቄ የሚባሉ ሴት ከከተማው ዳር፣ ዳገቱ ላይ፣ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። ሰው የሚመጣላቸው ለክፍሎቹ ሳይሆን ለግቢው ነው። ሰፊ ሣር ነው፤ ሠርግ ይደገስበታል፣ የሥልጠና ድንኳን ይተከልበታል። ታዲያ ያ ሁሉ እግርና መኪና ለዓመታት ሲረግጠው መሬቱ እንደ ሊሾ ጠጠረ። ዝናብ ሲጥል ውሃው ወደ ታች አይሰርግም፣ ላይ ላዩን ይተኛል። ሣሩም እየሳሳ ሄደ። «በካፋ ዝናብ ሣር ደረቀብኝ ብዬ ለማን እናገራለሁ?» ይሉ ነበር እትዬ ብርቄ እየሳቁ፤ ግን ከልባቸው ተጨንቀው ነበር።

ጅማ ላይ አንድ ፕሮጀክት ተዘግቶ ዕቃው በጨረታ ሲሸጥ አንድ ማሽን ገዝተው መጡ። ከኋላ የሚጎተት፣ ሁለት ጎማ ያለው ነው። ዘንጉ ላይ ክብ ክብ ብረቶች ተደርድረዋል፤ በየብረቱ ዙሪያ ደግሞ ጣት ጣት የሚያካክሉ ክፍት ቱቦዎች አሉ። ሲጎተት ቱቦዎቹ መሬቱን እየወጉ አፈር ነቅለው ያወጣሉ፣ በቀዳዳው አየርና ውሃ ይገባል። ይህን ያወቅነው ግን ቆይተን ነው። መጀመሪያ ያየው ሰው ሁሉ የመሰለውን ተናገረ፤ የበቆሎ መዝሪያ ነው ያለም፣ የመንገድ ሥራ ዕቃ ነው ያለም ነበር። በመጨረሻ እኛ «ወጊው» አልነው።

ወጊው ዝጎ ስለነበር እኔ ጋ መጣ። ኩሽኔታዎቹን ቀየርኩ። ሞክረን ስናየው የእኛ ቀይ አፈር እንደ ሊጥ ቱቦዎቹ ውስጥ እየተጠቀጠቀ አልወጣ አለ፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ቱቦ በጎኑ በግራይንደር ሰንጥቄ አፈሩ የሚወጣበት በር አበጀሁለት። ክብደቱም አልበቃው ብሎ መሬቱን እየቧጨረ ብቻ ያልፍ ስለነበር፣ ብሎኬት የሚጫንበት የላሜራ ሳጥን ከላይ በየድኩበት። መኪና ከጎተተው መሬቱን መልሶ ይጠቀጥቀዋል ብለን ደግሞ በባለ ሦስት እግር የጭነት ሞተር እንዲጎተት ክንዱን አስረዘምኩት። እውነቱን ለመናገር ኮርቼበት ነበር። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለስንቱ ሰው አሳይቻለሁ።

አንድ ነገር ቀረ። ተጎታቹን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ፒን ሲመጣም አልነበረውም። ከፌሮ ቆርጬ፣ ጫፉን አጥፌ ሠራሁለት። ፒኑ ዘሎ እንዳይወጣ ከታች በኩል ተበስቶ ኮፒሊያ፣ ማለትም የምትቆልፈው ትንሽ ሽቦ፣ ልትገባበት ይገባ ነበር። የዚያን ቀን መሰርሰሪያዬ ተሰብሮብኝ ነበር፤ እትዬ ብርቄ ደግሞ ሠርግ ተቀብለው ይቸኩላሉ። ነገ እበሳዋለሁ አልኩና ተውኩት።

ሞተሯ የጋሽ አድማሱ ነበረች። ጋሽ አድማሱ ስድሳን ያለፉ፣ በወጣትነታቸው ከባድ መኪና የነዱ ሰው ናቸው፤ አሁን በዚያች ሞተር አሸዋና ውሃ ያመላልሳሉ። ገና ስናያይዘው ጎንበስ ብለው አዩና፣

«ኮፒሊያ የለውም እንዴ?» አሉኝ።

«ችግር የለም ጋሼ፣ ክብደቱ ይይዘዋል» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ «አንተ ካልክ» ብለው ሞተሯ ላይ ወጡ።

የመጀመሪያው ቀን ደስ የሚል ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ዝናብ ስለጣለ መሬቱ ረጥቧል። ወጊው ባለፈበት ሁሉ ጣት የሚያካክል አፈር ሣሩ ላይ ይረግፋል፣ ወፎቹ ትል ፍለጋ ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። እትዬ ብርቄ ወንበር አስወጥተው ሲያዩ ዋሉ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ታችኛው ሜዳ ልንወርድ ሆነ። መካከል ላይ ጠጠር የፈሰሰበት የመኪና መንገድ አለ። ቱቦዎቹ እንዳይበላሹ ማንሻውን ስቤ ከመሬት አነሣኋቸውና ወጊው በጎማው ብቻ እንዲሄድ አደረግኩ። ጋሽ አድማሱ ቀስ ብለው ጠጠሩን ተሻግረው ወደ ቁልቁለቱ ሲታጠፉ ሞተሯ ነጠረች። ወዲያው ወጊው ተለያት።

ከነብሎኬቱ ቁልቁል ሲንከባለል ሣሩ ላይ ስለነበር ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ከታች፣ አጥሩ ሥር፣ አልማዝ አንሶላ እያሰጣች ነበር። አልማዝ የማረፊያው ልብስ አጣቢ ናት። ጀርባዋን ሰጥታናለች። ጮኽኩ። ዘወር ብላ አየችና ወደ ጎን ስትዘል አዳልጧት እጇ ላይ ወደቀች። ወጊው በአጠገቧ አልፎ የልብስ ሳፋዋን ጨፍልቆ፣ አጥሩን ጥሶ ቆመ።

ጋሽ አድማሱና እትዬ ብርቄ ወደ አልማዝ ሮጡ። እኔም ሮጥኩ፤ ግን መንገዴ ላይ፣ ሣሩ ውስጥ፣ ፒኑን ሳይሰበር አየሁት። አነሣሁትና ኪሴ ከተትኩት። ሳላስብ ነው ያደረግኩት ብዬ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ነገር ግን ከማጎንበሴ በፊት ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር ብያለሁ።

አልማዝ በቋንቋዋ፣ በካፊኖኖ፣ እየጮኸች ቀኝ እጇን ታቅፋ ነበር። አንጓዋ ላይ ተሰብሯል። ሆስፒታል ወስደናት ጄሶ ታሰረላት።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ አድማሱ፣ በሩ ላይ ቆመን ስንጠብቅ። «ፈጥኜ ታጠፍኩ፤ ፒኑን ሰብሬው ነው። እንደ ድሮው አይደለሁም።»

እኔ ዝም አልኩ። የጠየቀኝም ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ አድማሱ በየጠዋቱ ለአልማዝ ቤት ውሃ ማድረስ ጀመሩ። የሚያሳዝነው በሞተሯ አልነበረም። ጀሪካኑን ትከሻቸው ላይ አድርገው በእግራቸው በብየዳ ቤቴ ደጃፍ ያልፋሉ። «ሞተሯስ ጋሼ?» ብሎ ጎረቤቴ ሲጠይቃቸው «አርፋለች» ሲሉ ሰማሁ። እኔ እሳቸውን ከሩቅ ሳይ የብየዳ መነጽሬን ዓይኔ ላይ አወርድ ነበር፤ የሚበየድ ነገር ባይኖርም።

እንዲህ ሆነን ሃያ ቀን ያህል ሄደ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የመዝጊያ ማጠፊያ ሊያስበይድ የመጣ ደንበኛ ወሬ ሲያወራ፣ «የጋሽ አድማሱን ሞተር እኮ ሺሺንዳ ያለ ነጋዴ ሊወስዳት ነው። ቅዳሜ ይመጣል» አለኝ።

«ለምን ይሸጧታል?»

«አርጅቻለሁ፣ ሰው ልገድል ነበር፣ ከእንግዲህ መሪ አልይዝም ብለዋላ።»

መዝጊያውን ሳልጨርስለት ሱቄን ዘጋሁ። ፒኑ መሣሪያ ማስቀመጫዬ ውስጥ ከጨርቅ ሥር ነበር። ይዤው ወደ አልማዝ ቤት ወጣሁ፤ መጀመሪያ ለእሷ ልናገር ብዬ ነው። ስገባ ጋሽ አድማሱም እዚያው ተቀምጠዋል። ተመልሼ ልወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ እንደቆምኩ። «ጋሼ ያጠፉት ነገር የለም። ኮፒሊያ የለውም ብለውኝ ነበር። ፒኑ አልተሰበረም፣ ዘሎ ወጣ። እኔ አንሥቼ ደበቅኩት።» ፒኑን በርጩማው ላይ አስቀመጥኩት።

አልማዝ አየችው። «ይሄ ነው እንዴ?» አለች። «ስታነሣው አይቼሃለሁ እኮ። ወድቄ ሳለሁ። ብር የወደቀብህ መስሎኝ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እጇ ተሰብሮ መሬት ላይ ሆና እንኳ ክፉ ነገር አላሰበችብኝም።

ጋሽ አድማሱ ሁለት እጃቸውን ከፊታቸው ዘረጉ። አይንቀጠቀጡም።

«ሃያ ቀን ሙሉ» አሉ፣ «እነዚህን ዘርግቼ ሳያቸው ነበር። ከዱኝ እያልኩ።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ...»

«ተው። አሁን አታናግረኝ።»

ባዶ ጀሪካናቸውን አንሥተው ወጡ። አልማዝ በጤነኛው እጇ ተቀመጥ ብላ አሳየችኝ፤ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ነጋዴው መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሰኞ ሞተሯ አሸዋ ጭና በደጄ ስታልፍ ድምፅዋን ሰማሁ፤ ቀና ብዬ ለማየት ግን አልደፈርኩም።

ለእትዬ ብርቄም ሄጄ ነገርኳቸው። ብዙ ተቆጡ፣ ሲጨርሱ «በል እንዳበላሸኸው አስተካክለው» አሉኝ። አሁን ወጊው ወፍራም ፒን፣ ኮፒሊያና መያዣ ሰንሰለት አለው፤ የሚጎትተውም ሌላ ሰው ነው። ሣሩ ተመልሷል፣ እንግዳ ሁሉ ያደንቀዋል። የአልማዝ እጅ ድኗል፤ ነገር ግን ብርድ ልብስ መጭመቅ አይችልም። በእጅ የሚዞር የልብስ መጭመቂያ ከብረት ሠርቼ ወሰድኩላት። ከላይ እስከ ታች አገላብጣ አየችውና «ይሄስ ፒኑ በደንብ ገብቷል?» አለችኝ። ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ጋሽ አድማሱ ሞተራቸውን ዛሬም ይነዳሉ። ስትበላሽባቸው ግን የሚያስበይዱት ከእኔ ወዲያ ባለው ብየዳ ቤት ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያልፋሉ። አልፈርድባቸውም።

ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ሰዎች «ዋናው መናገርህ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን ያን ሐሙስ ነው የማስበው። ያ ደንበኛ መዝጊያውን ይዞ ባይመጣ ኖሮ ቅዳሜ ያልፋል፣ ሞተሯም ሺሺንዳ ትገባ ነበር። ከዚያ በኋላስ እናገር ነበር? እናገር ነበር ብል ደስ ይለኛል። እስከ ዛሬ ግን አፌን ሞልቼ ልለው አልቻልኩም።